ሳይነበብ የተጻፈው ቅጠል

በቅሎዎቹ ቁልቁለቱን ሲንደረደሩ ጸሐፊው ኮርቻውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ተቀምጦ የኖረ ሰው ነው፤ የተቀመጠው ግን በርጩማ ላይ እንጂ በቅሎ ላይ አልነበረም። ከፊቱ የሚጋልቡት የመምህሩ ባለቤት፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት፣ ካባቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው፣ አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ሳይሉ፣ "ዓይንህን ግለጥ፤ በቅሎዋ የምታየው ለራሷ ነው" አሉት።

ገለጠ። ገደሉን ሲያይ ምነው ባልገለጥኩ አለ።

የሚጋልቡት አንዲት ቅጠል ብራና ላይ ለመድረስ ነው። ቅጠሏ ከሦስት ቀን በፊት ከሁለት መቶ ጓደኞቿ ጋር ተጠርዛ፣ በሁለት የእንጨት ገበታ መካከል ታስራ፣ በቀይ ከረጢት ገብታ ወደ ጉባኤ ቤት ሄዳለች። መምህሩም አብረዋት ሄደዋል። የመጽሐፉ ንባብ ከትናንት ወዲያ ተጀምሯል፤ ዛሬ እኩለ ቀን ሲሆን ተራው የእሷ ነው። ጸሐፊው ከዚያ በፊት ደርሶ ካላወጣት የመምህሩ የሰባት ዓመት ሥራ በአንድ ሰዓት ውስጥ መሳቂያ ሆኖ ይቀራል።

መምህሩ የዕብራውያኑን ንጉሥ መዝሙራት የሚተረጉሙ ሰው ናቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሌላ ሥራ አያውቁም። ሽንኩርት ግዛ ተብለው ተልከው፣ መንገድ ላይ ስለ አንዲት ዋላ ሲያስቡ ገበያውን አልፈው ሄደው፣ ማታ ባዶ እጃቸውን የተመለሱበት ቀን አለ። ያ ንጉሥ በጥንት ዘመን በበገና የደረደረው ሁሉ ለእሳቸው የክርስቶስ ነገር ነው። ውሃ የናፈቃት ዋላ ነፍስ ናት፤ ምንጩ በመስቀል ላይ የተወጋው የጌታ ጎን ነው። በጨለማው ሸለቆ የሚሄደው በግ እኛው ነን፤ እረኛው ግን ሸለቆውን ቀድሞን ሄዶበት ያውቀዋል። መምህሩ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ አይልም፤ ስለ ጎረቤት እንደሚያወራ ሰው ናቸው።

ጸሐፊው ደግሞ መዝሙሩን በትልልቁ ፊደል ከቅጠሉ መሐል ያሰፍርና ዙሪያውን ባዶ ይተወዋል። ትርጓሜው በደቃቃ ፊደል በዚያ ባዶ ላይ ይገባል። በአራተኛው ዓመት የመምህሩ ዓይን መፍዘዝ ጀመረ፤ በስድስተኛው ጨርሶ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉ ያለው በመምህሩ አፍና በጸሐፊው እጅ ብቻ ነው።

ስለ ጸሐፊው እጅ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። ሰው ሁሉ የእጁን ባለቤት "ጥቁር ጣት" ብሎ ነው የሚጠራው፤ ቀለሙ ከጣቱ ለቆ አያውቅም። ጽሕፈት ያስተማረው ሽማግሌ አንድ ሕግ ብቻ ነበረው፤ የሰማኸውን ጻፍ፣ የገባህን አትጻፍ። ጸሐፊ የሚጽፈው ነገር ከገባው ቃሉን ማሳመር ያምረዋል፤ ቃል ያሳመረ ደግሞ ቃል ሰረቀ ማለት ነው። ጥቁር ጣት ይህን ሕግ ከአጥንቱ አዋሐደው። ቃል በጆሮው ገብቶ በጭንቅላቱ በኩል ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ጣቱ ይወርዳል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ፊደል አልጨመረም፣ አንድ ፊደል አላጎደለም። ምን እንደ ጻፈ ብትጠይቁት ግን ስለ ቀለሙ ጥራት ይነግራችኋል።

እንግዲህ ባለፈው የብርድ ወራት አንድ ቀን መምህሩ ምድጃው ዳር ተቀምጠው ከመዝሙራቱ ሁሉ አጭር ከሚባሉት አንዱን ይተረጉሙ ነበር። ዘማሪው ትልቅ ትልቁን ነገር ትቶ፣ ጡት ጥሎ እናቱ ላይ እንደ ተቀመጠ ሕፃን ነፍሱን ጸጥ እንዳሰኛት የሚናገርበት ነው። በመሐል ባለቤታቸው እንጨት ይዘው ገቡና ተናገሩ። ሌላ ጊዜ ሥራ እስኪያልቅ በሩን ተደግፈው ይጠብቃሉ እንጂ ተናግረው አያውቁም። ጥቁር ጣት ቀና አላለም። ድምፅ ሰማ፣ ጻፈ። የረቂቁን ቁራጭ ቀለሙ እንዲደርቅ አሸዋ ነስንሶበት ከሌሎቹ ጋር አስቀመጠው። ከሁለት ወር በኋላ ወደ ንጹሑ ብራና ሲገለብጠውም እንደ ልማዱ ዓይኑ ፊደሉን እንጂ ነገሩን አላየም። የመጨረሻዎቹ ሠላሳ መዝሙራት ደግሞ ለመምህሩ ተመልሰው አልተነበቡላቸውም፤ የጉባኤው ቀን ቀርቦ፣ መልእክተኛው ደጅ ላይ ቆሞ "አልደረሰም ወይ" እያለ ጊዜ አልነበረም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ፤ እነሱ እንኳ ማፍሰሳቸውን ያወቁት ዛሬ ጠዋት ነው።

ዛሬ ጠዋት ጸሐፊው ሥራ አልነበረውም። ሥራ የፈታ ጸሐፊ ምን ያደርጋል? ማንበብ ይጀምራል። ረቂቆቹን ለማሰር ሲያስተካክል አንዱን አንስቶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው አነበበው። ክው ብሎ ቀረ። ቁራጩን ይዞ ወደ ማጀት ሄደና ለመምህሩ ባለቤት እየተንተባተበ ነገራቸው።

ሴትየዋ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

"ሁሉንም ጽፈኸዋል?"

"ሁሉንም፣ እሜቴ።"

እጃቸውን አደረቁ፣ እሳቱን በአመድ ቀበሩ፣ ቤቱን ቆለፉ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎረቤት ሁለተኛ በቅሎ ለምነው መጡ። አልተቆጡትም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

ከቁልቁለቱ በታች መንገዱ ለጥ ሲል እሜቴ በቅሏቸውን አዘግይተው፣ ቁራጩን ይዞ እንደ ሆነ ጠየቁትና አንብብልኝ አሉት። ከብብቱ አወጣ። ፊደል አልቆጠሩም እንጂ ከመምህሩ ጋር አርባ ዓመት የኖሩ ሴት ናቸው፤ መዝሙራቱን በቃላቸው ይዘዋቸዋል። ጸሐፊው የመጀመሪያውን መስመር፣ ስለ እግርና ስለ ምድጃ የሚለውን፣ እንደ ጀመረ እጃቸውን አነሱ።

"ይበቃል። የቀረውን አውቀዋለሁ።"

በቅሏቸውን ነኩ። ወንዙ ዳር ደርሰው በቅሎ የሚያሻግረው ጀልባ ከማዶ እስኪመለስ ሲጠብቁ ግን ራሳቸው ጀመሩ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ውሃውን እያዩ የነገሩት ይህ ነው። አንድ ልጅ ነበራቸው። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ኖሮ በሦስት ቀን ትኩሳት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አራት ዓመት ሆኖታል፤ መምህሩ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ የልጁን ስም በአፋቸው አንስተው አያውቁም። እሜቴም ሆድ ይፍጀው ብለው ኖሩ። ያነሱት ምድጃው ዳር ያን ቀን ብቻ ነው፤ ያውም ጸሐፊውን ከበርጩማው ለይተው ስላላዩት።

"ለእሱ ነው የነገርኩት" አሉ። "ላንተም አይደለም፣ ለእነዚያ ሊቃውንትም አይደለም። መጽሐፉ ቢፋቅ አዝናለሁ፤ የሰባት ዓመት ድካሙ ነው። ያ ነገር ባደባባይ ቢነበብ ግን እኔ እንደ ተራቆትኩ ቁጠረው። ያችን ቅጠል ቆርጠህ አምጣልኝ።"

ጸሐፊው እንደሚያመጣላቸው ማለ፤ የማለበትም እጅ ያ ጥፋተኛ እጅ ነበር። መላውን እዚያው ጀልባው ላይ ዘየደ። የጉባኤ ቤቱ ልማድ ጸሐፊ የመጽሐፉ ጥራዝ ከላላ ወደ አትሮንሱ ቀርቦ ክር እንዲያጠብቅ ይፈቅድለታል። ክሩ ላልቷል ይላል፣ ጎንበስ ይላል፣ ካራውን በጥራዙ ሥር ያሳልፋል፣ ቅጠሏን እጅጌው ውስጥ ይከታል። አንባቢው ከአንዱ መዝሙር ወደ ሌላው ሲያልፍ አንዱን መዝለሉን በዚያ ድካም መሐል ማን ያውቃል? ይህን ሲነግራቸው እሜቴ፣ ምላጭ ያውቃል አሉ።

ምላጭ የጉባኤው አለቃ ናቸው። በየሦስት ዓመቱ አዲስ የተጻፉ የትርጓሜ መጻሕፍት በጉባኤው ፊት ከዳር እስከ ዳር ይነበባሉ። ያለፈው ማኅተም ተመትቶበት ለየአገሩ ይገለበጣል። የወደቀው ከአዳራሹ ጀርባ ወዳለው መፋቂያ ቤት ይወሰዳል፤ እዚያ ጥራዙ ይፈታና ፊደሉ በካራ ተፍቆ ብራናው ለሌላ ጸሐፊ ይሰጣል። ባለፈው ጉባኤ ከስምንት መጻሕፍት አምስቱ ለመፋቂያ ቤት የተሰጡት በእኚህ አለቃ ቃል ነው። ስሙም ከዚያ መጣ። አንድ ወጣት ሊቅ መጽሐፉ ሲፋቅ በር ላይ ቆሞ ድምፁን ሰምቶ፣ ከዚያ በኋላ ብዕር አልያዘም ይባላል።

ከተማው ሲገቡ የእኩለ ቀኑ ደወል እየተደወለ ነበር። በድንጋዩ መንገድ ላይ በቅሎዎቹን እያዳለጣቸው፣ የዳቦ ጋጋሪዎችንና የቆዳ ፋቂዎችን ሰፈር አልፈው ጉባኤ ቤቱ ደጅ ደረሱ። በረኛው ረጅም ዘንግ የያዘ፣ ማዕረጉን ከዘንጉ ርዝመት የሚለካ ሰው ነው። የጸሐፊውን የማኅተም ቀለበት አየና አሳለፈው፤ ሴት ግን ወደ ውስጥ እንደማትገባ ተናገረ። እሜቴ እሱን አልተከራከሩም። መስኮቱ ክፍት እንደ ሆነ አይተው ወደ በረንዳው ሄደው ቆሙ። ጸሐፊው ሲገባ ካባቸውን ሲያስተካክሉ አየ፤ ልክ እሳቸው ሊመረመሩ ያሉ ይመስሉ ነበር።

አዳራሹ ቀዝቃዛና ረጅም ነው። ሊቃውንቱ በሁለት ረድፍ ትይዩ ተቀምጠዋል፤ በራስጌው ምላጭ፣ ቀጭን ሽማግሌ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ከመሐል ባለው ዝቅተኛ አግዳሚ ላይ መምህሩ ብቻቸውን፣ በትራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አንድ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ከሦስት ቀን ወዲህ ማንም እንዳላበጠረው ጺማቸው ይመሰክራል። አትሮንሱ ላይ ያለው አንባቢ ጸሐፊው እግሩን ወደ ውስጥ ሲያስገባ ቅጠል ገለጠ። ጸሐፊው ከሩቅ አወቃት። የራሱን እጅ ጽሑፍ የማያውቅ የለም፤ ከመሐል አጭር መዝሙር፣ ዙሪያዋን ጢቅ ብላ የሞላች ቅጠል።

በእግሩ ጣት እየተራመደ ደረሰ።

"ይቅርታ፣ ክሩ ላልቷል" አለ በሹክሹክታ።

ምላጭ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ "የላላው ክር መዝሙሩ እስኪያልቅ ይቆየናል" አሉ። ጸሐፊው ካራውን በእጅጌው እንደ ያዘ ከአትሮንሱ ጎን ቆሞ ቀረ።

አንባቢው መዝሙሩን በዜማ አነበበ፤ ከዚያ ወደ ዙሪያው ጽሑፍ ገባ። መጀመሪያ ያለው የመምህሩ ነው። ጡት የጣለ ሕፃን የተባለው የጀማሪዎችን ትምህርት ጨርሶ ወደ ጠንካራው የሄደ ምእመን ነው፤ ወተት ለሕፃናት፣ ምግብ ለጎለመሱት እንዲሉ፤ ነፍስም ስታድግ ከወተቱ ትለያለች፣ ትቆማለች፣ በራሷ እግር ትሄዳለች። ሊቃውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀና ትርጓሜ ነው፣ የሚነቀፍበት የለም። አንባቢው ትንፋሹን ሳበና፣ እሱም እንደ ሙያው ባልደረቦች ቀድሞ የማያይ ሰው ስለ ነበር፣ በዚያው ከባድ ድምፅ ቀጠለ።

"አንተ ሰውዬ፣ በመጀመሪያ እግርህን ከምድጃው አንሳ፤ ጫማህ ተቃጠለ።"

መምህሩ የዘረጉትን እግር ሳብ አደረጉ።

ከረድፉ አንዱ በአፍንጫው ሳቀ። ሌላው ሳልኩ ብሎ አፉን በእጁ ያዘ። አንባቢው ቀና ብሎ አለቃውን አየ። አለቃው ዓይናቸው እንደ ተጨፈነ ነው፤ አንብብ ብለው በጣታቸው ምልክት ሰጡ። አንባቢው ላቡን ጠርጎ አነበበ።

"ደግሞ ስለማታውቀው ነገር አትናገር። ጡት ያስጣልከው ልጅ አለ? ጡት የጣለ ልጅ ከእናቱ ሄደ ብለህ ነው የምታጽፈው? አልሄደም። መጀመሪያ ሰሞን ያለቅሳል፣ ይቧጥጣል፣ ልብሴን ይጎትታል። የሚፈልገው ወተቱን ነው፤ እኔ ለእሱ ማሰሮ ነኝ። እያለቀሰ ይተኛል፣ እያለቀሰ ይነሣል። ከዚያ አንድ ቀን ቀስ ብሎ ይመጣል። ጭኔ ላይ ይወጣና ደረቴ ላይ ጋደም ይላል። እጁን አይሰድም። ወተት አይልም፣ ዳቦ አይልም። ምን ፈለግህ ብዬ ብጠይቀው ዝም ብሎ ያየኛል። እኔን ብሎ ነው የመጣው። የኛ ልጅ እንዲህ ያደረገ ቀን ነው እናት የሆንኩት። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ብቻ ኖረ፤ ያችን ቀን ግን ማንም አልወሰደብኝም። ሰው ወደ እግዜር ሲሄድ ሁሌ ስጠኝ ስጠኝ ነው። አንድ ቀን ምንም ሳይለምን ሄዶ ዝም ብሎ ቢቀመጥ፣ እግዜር እንዴት ደስ ይለው። መዝሙረኛው ይህን ያወቀ ይመስለኛል። እንጨቱ አልቋል፤ ልጨምር?"

እዚያ ላይ ጽሑፉ አለቀ። አሁን የሚስቅ አልነበረም። ጸሐፊው ወደ መስኮቱ ማየት ፈርቶ መሬት መሬቱን አየ። ቃሉን በጆሮው ሰምቶታል፣ ሁለት ጊዜ በእጁ ጽፎታል፣ ዛሬ ጠዋት በዓይኑ አንብቦታል፤ ገና አሁን ነው ሆዱ የገባው።

ምላጭ ዓይናቸውን ገለጡ።

"ይህ የማን ቃል ነው?"

ጸሐፊው ጥፋቱ የእጁ መሆኑን፣ መምህሩ የማያውቁት መሆኑን፣ ቅጠሏ ወጥታ የቀረው መጽሐፍ እንዲተርፍ እንደሚለምን፣ ብዕሩ ይሰበር ከተባለም እንደሚሰበር ተናገረ። አለቃው እስኪጨርስ ጠበቁትና፣ ማን ጻፈው እንዳላሉ፣ የማን ነው እንዳሉ አስታወሱት። ከዚያ ወደ መምህሩ ዞሩ።

"መምህር፣ የገዛ መጽሐፍዎ ነው። ይህ ትርጓሜ ነው ወይስ የቤት ወሬ?"

መምህሩ በትራቸውን ጎናቸው አስቀመጡ። ጸሐፊው ያን ፊት ለሰባት ዓመት በየቀኑ አይቶታል፤ እንዲህ ሆኖ ግን አይቶት አያውቅም።

"የቤት ወሬ ነው" አሉ መምህሩ። "መዝሙሩም የቤት ወሬ ነው፣ አለቃ። ስለ እናትና ስለ ልጅ ነው። እኔ ከቤት አውጥቼ ትምህርት ቤት አስገባሁት፤ ባለቤቴ ወደ ቤቱ መለሰችው። ይህን የተናገረችኝ በብርድ ወራት ነው። ያን ቀን መልስ አልሰጠኋትም። ለዛሬ ይበቃል ብዬ ጸሐፊዬን አሰናበትኩና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።"

ፊታቸውን የአለቃው ድምፅ ወደ መጣበት አዞሩ።

"የላይኛው ትርጓሜ የእኔ ነው። አባቶች ብለውታል፣ ልክ ነው። ብቻ እኔ አላውቀውም። ምንም ሳልለምን እግዚአብሔር ፊት ተቀምጬ አላውቅም፤ በልጅነቴ እውቀት ለመንኩት፣ ኋላ ልጄን ለመንኩት፣ አሁን ዓይኔን እለምነዋለሁ። እሷ የምትናገረውን ታውቀዋለች። ከሁለቱ አንዱ መፋቅ ካለበት የእኔን ፋቁት።"

ምላጭ ተነሥተው ወደ አትሮንሱ ሄዱ። ሽማግሌው ቅጠሏ ላይ ጎንበስ ብለው፣ አፍንጫቸው ፊደሉን ሊነካ እስኪደርስ፣ ለራሳቸው በዝግታ አነበቧት። እጃቸው ከወገባቸው ወዳለው ካራ ሲሄድ ጸሐፊው ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው ካራው ለእሱ ተዘርግቶለት ነበር።

"እግርና ምድጃውን ፋቅ፤ የእንጨቱንም" አሉት። "በሁለቱ ትርጓሜ መካከል በቀይ ቀለም 'አንድም' ብለህ ግባ። ሁለቱም ይቆያሉ። ሌላውን መዝሙር አንብቡልን።"

"አለቃ፣ ምድጃው ቢቆይስ?" አሉ መምህሩ።

"መምህር፣ አያብዙት።"

በሁለቱም ረድፍ ሳቅ ሆነ፤ የዚህኛው ሳቅ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም። ጸሐፊው እዚያው ቆሞ የተባሉትን መስመሮች ፋቀ። ቀይ ቀለሙን አስመጥቶ፣ በትርጓሜ መጻሕፍት ሁሉ አንዱ ሊቅ ካለው ቀጥሎ የሌላው ሊቅ ቃል ሲመጣ የምትገባዋን ያችን አጭር ቃል፣ ከአንዲት ማጀት ሴት ንግግር በፊት ጻፋት። በሃያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያዋ ጠማማ ፊደሉ እሷ ናት። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ መስኮቱ አየ። በመስኮቱ ማንም አልነበረም።

የቀረው ንባብ እስኪያልቅ ሁለት ሰዓት ያህል ሄደ። ማኅተሙ ተመታ። ሊቃውንቱ እየመጡ መምህሩን አቀፏቸው፣ እጃቸውን ጨበጧቸው፤ እሳቸው ግን ምስጋናውን በወጉ እንኳ ሳይቀበሉ፣ ከማን ጋር መጣህ ብለው ጸሐፊውን ያዙት። ነገራቸው። ወንዝ ዳር የማለውን መሐላም አልደበቀም። መምህሩ ክንዱን አጥብቀው ይዘው፣ "ወደ እሷ ውሰደኝ" አሉት።

እሜቴ በጓሮው በረት አጠገብ፣ ከግድግዳው ሥር ካለው የድንጋይ መደብ ፊት ቆመው የበቅሎዋን የኮርቻ መቀነት ያጠብቁ ነበር። መቀነቱ ከጠበቀ ቆይቷል፤ በቅሎዋም ተቸግራ ነበር። ጸሐፊው ከሩቅ፣ ቃሌን አልጠበቅሁም እሜቴ፣ ይቅር ይበሉኝ አለ። ሴትየዋ አላዩትም። መምህሩ እጃቸውን ዘርግተው መደቡን ዳሰሱና ተቀመጡ።

"ቃልሽን ሳልጠይቅሽ ሰጠሁት" አሉ።

"የእኔ ነበር" አሉ እሜቴ። ድምፃቸው ደረቅ ነው። "በዚህ ዓለም የእኔ የምለው እሱ ብቻ ነበር። አሁን የማንም ወንድ ዜማ እያበጀለት ሊያነበው ነው።"

"አዎ።"

"ሠላሳ አራት ዓመት አንድ ቀን ስሙን አልጠራህም። እኔ ብቻዬን የወለድኩት እስኪመስለኝ ድረስ። ዛሬ በሰው ፊት ልጄን ለመንኩት ስትል በመስኮት ሰማሁህ። ለምን ለእኔ አልነገርከኝም?"

መምህሩ ጭንቅላታቸውን ዝቅ አደረጉ። ስሙ አፋቸው ላይ በመጣ ቁጥር ልመና እየሆነባቸው፣ መልስልኝ ማለት እየሆነባቸው፣ እሷ ደግሞ ያን ልመና ብትሰማ ትሰበራለች ብለው ፈርተው እንደ ኖሩ በቁርጥራጭ ቃል ነገሯቸው። ሁሉንም መዝሙር ሲተረጉሙ ያቺን አጭር መዝሙር ቶሎ ቶሎ ብለው ሊያልፏት የፈለጉትም ለዚህ ነበር። ከዚያ ጎንበስ በይ ብለው በጆሯቸው አንድ ስም ጠሩ።

ያን ሁሉ ዘመን የሰማውን ሲጽፍ የኖረው ጸሐፊ ስሙን አልሰማውም፤ ሊሰማም አልፈለገም። የበቅሎዎቹን ልጓም ይዞ ወደ ውሃው ገንዳ ራቅ አለ። ደስ ብሎታል፣ አልቅሷል፣ የትኛው እንደሚበዛ ግን አልለየውም።

ከጀርባው እሜቴ አፍንጫቸውን ሲያብሱ ሰማ። ከዚያ ድምፃቸው የሁልጊዜው ሆነ። ጺምህ ምን ሆነ፣ ሦስት ቀን ማን ነው ያየህ አሉ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስክም መሰለኝ አሉ።

"ራበህ?"

"አልራበኝም።"

"ውሃ ላምጣልህ?"

"አልጠማኝም።"

"ታዲያ ምን ልስጥህ?"

"ምንም" አሉ መምህሩ፣ መደቡ ላይ ጠጋ ብለው ቦታ እየለቀቁ። "ተቀመጪ።"